በጣት የማይጠቆም ዱባ

የደረቀውን የዱባ ሐረግ ከቆርቆሮው አጥር ላይ እየጎተትኩ ሳወርድ ዓይኔ እዚያች የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ያርፋል። አንድ ዓመት ሞላው። እኔ ግን ዛሬም ድንጋይዋን ባየሁ ቁጥር ክው እላለሁ፤ እጄ ሐረጉን እንደያዘ ይቀራል።

ቤታችን ሀና ማርያም ነው። የጎረቤቱ ግቢ ሁሉ ብሎኬትና ሲሚንቶ ሆኖ የእማዬ ጓሮ ብቻ አፈር እንደሆነ ቀርቷል። ትልቅ እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት መኪና ቢቆምበት ይሞላል። ጎፋ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ወንድሜ በመጣ ቁጥር ጫማው ጭቃ ሲነካው “እማዬ፣ ይሄንንም ሲሚንቶ እናልብሰውና እንገላገል” ይላታል። “ጎመኑን ስትጠቀልል ግን ጭቃው አይታይህም” ትለዋለች። እሱም አንድ ፌስታል ጎመንና ቆስጣ አንጠልጥሎ ይሄዳል።

ግንቦት ላይ ፉሪ አካባቢ ላም ከሚያረቡ ሰዎች ፍግ በማዳበሪያ ከረጢት ታስመጣለች። እሱን በትነን፣ ድንቹንም ጎመኑንም እንደማንኛውም ሰው እንተክላለን። ዱባው ግን ሕግ አለው። ለጋ ዱባ በጣት አይጠቆምም። በጣት የተጠቆመ ዱባ ይበሰብሳል። እሷ ከእናቷ የሰማችው ነው፣ እኛም ከእሷ። ማሳየት የግድ ከሆነ ጣትን አጥፎ በጡጫ ነው፣ አለዚያም በአገጭ። ዱባው አይቆጠርም፣ ይህን ያህል አፈራ ተብሎም አይወራም። ልጆች ሆነን ረስተን ጣታችንን ከቀሰርን ጣታችንን አስነክሳ እንትፍ ታሰኘን ነበር። ይኸው ተምሬ፣ ቢሮ ገብቼ፣ ለጋ ዱባ ሳይ እጄ በራሱ ይጨበጣል። ወንድሜ በዚህ ይስቅብኛል። ሲስቅም ታዲያ ዱባውን የሚያሳየኝ በአገጩ ነው።

አምና ክረምቱ ከባድ ነበር። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እማዬ መኮትኮቻዋን ይዛ ትወጣለች። አንድ ቀን በግራ እጇ ስትኮተኩት አየኋት።

“ቀኝሽ ምን ሆነ?”

“ብርድ ነዋ! ከጭቃ ጋር የሚውል ክንድ ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነው?”

ወንድሜ የሚታሽ ቅባት ገዝቶላት መጣ። መርቃ ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ክንዷ አላወራንም፣ እሷም በግራዋ መኮትኮቷን ቀጠለች።

ዱባ የሚቆረጥበት ቀን የእሷ ቀን ነው። አንገቱ ደርቆ፣ ልጣጩ ጥፍር አልበላ ሲል፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ታስቀምጥና ቢላዋ ይዛ ትወጣለች። ትልቁን ዱባ ማንም አይነካባትም። እንደ ሕፃን ታቅፋው፣ “እሽሩሩ” እያለች ራሷ ታስገባዋለች። እኛ ከኋላዋ እየሳቅን እንከተላለን። ያን እሁድም ለመሳቅ ተዘጋጅተን ቆመናል።

አንገቱን ቆረጠችና ወደ ኋላ አለች።

“አንሺው” አለችኝ።

“እኔ? ብጥለውስ? ልትገድይኝ ነው?”

“አንሺው እኮ ነው የምልሽ!”

አነሳሁትና በር ላይ አስቀምጬው ተመለስኩ። እማዬ ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ወንድሜ ሐረግ ይጎትታል። ከበላዩ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ ዘግይታ ያፈራች አንዲት ለጋ ዱባ ተንጠልጥላ ስለነበር “እሷን እንዳትበጥሳት” ልለው ጡጫዬን አነሳሁ።

“ጨረስን አይደል?” አለች እማዬ።

“ጓሮውን? አዎ፣ ጨረስን።”

“እንግዲያው ነይ።”

የተጨበጠውን እጄን ያዘች። ጣቶቼን ፈታታችና ሌባ ጣቴን መዝዛ በቀሚሷ አንገት በኩል አስገባችው፣ ወደ ቀኝ ብብቷ።

“እዚህ ጋ” አለች።

መጀመሪያ የቀሚሷ ቁልፍ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቆዳዋ ሥር መሆኑን ጣቴ አወቀ። ጠንካራ ነበር፣ አይነቃነቅም። ጣቴን ማውጣትም መተውም አቃተኝ። እማዬ ፊቴን ታየኛለች፤ የምትፈራው እኔን ይመስል ነበር።

“መቼ ነው ያየሽው?”

“ፍጉን ስንበትን።”

“ግንቦት?!”

“ያኔ ሽምብራ ታህል ነበረች።”

ጮህኩ። በእናቴ ላይ ጮሄ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። “ክረምቱን ሙሉ? ክረምቱን ሙሉ ዝም? ለማን ነገርሽ?”

“ለማንም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ።”

“ለምን? ንገሪኝ፣ ለምን?”

ግራ ገብቷት አየችኝ። እንዴት ይሄ ይጠፋሻል የምትል ነበር የምትመስለው። “ከተጠቆመ ይብሳል ብዬ ነዋ። ዝም ካልኩት የሚተወኝ መሰለኝ። ደግሞስ ድንቹ ሳይወጣ፣ ዱባው ሳይደርስ፣ ጓሮውን ለማን ጥዬ ልተኛ?”

ወንድሜ የእሁድ ልብሱን እንደለበሰ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ጭቃ የሚጸየፈው ወንድሜ! ሐረጉ በእጁ እንዳለ ነበር።

ሆስፒታል ሐኪሟ “እማማ፣ ይሄ ነገር ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?” ስትላት እማዬ ወደ እኔ ዞረች። “ከግንቦት ጀምሮ” አልኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ካንሰር መሆኑ ሲነገረንም ቃሉን አንዳችንም አልደገምነውም። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ከዚያ መድኃኒቱ ተከተለ፣ ጸጉሯም ረገፈ። አልጋዋን ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር የወንድሜን ቅባት አገኘሁት። አልተከፈተም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

የምደነግጠው በበሽታው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እኔ ያንን የዱባ ሕግ እወደው ነበር። ለቢሮ ጓደኞቼ ሁሉ እያሳቅኩ አውርቼዋለሁ።

ዘንድሮ መኮትኮቻ እንዳትነካ ተከልክላለች። ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ እኔን ታዛለች፤ “እሱ ጎመን ነው፣ አረም አይደለም፣ ተዪው!” ሐምሌ ላይ የመጀመሪያዋ ለጋ ዱባ ቆርቆሮው ላይ ብቅ አለች። ደስ ብሎኝ በአገጬ አሳየኋት። ብድግ አለች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከትከሻዋ በላይ የማይወጣውን ቀኝ ክንዷን ጥርሷን ነክሳ አነሳችና ሌባ ጣቷን በደንብ ቀሰረች።

“ያቻት!” አለች።

ዘልዬ እጇን ያዝኩ፣ ጣቷን ልጨብጠው ታገልኩ። “እማዬ! ምን መሆንሽ ነው?”

“ልቀቂኝ” አለች። ለቀቅኳት። ጣቷን አላጠፈችም።

ዱባዋ በሰበሰች። ዝናቡ ይሁን፣ ትል ይሁን፣ እኔ እንጃ። አንድ ጠዋት ታችዋ ረጥቦ አገኘኋት። እማዬ ሳትነሳ ቶሎ ብዬ ጎመኑ ጥግ ጉድጓድ ቆፈርኩ። አፈር ስመልስባት ከኋላዬ ድምጿን ሰማሁ።

“ምንድን ነው የምትቀብሪው?”

ጠጋ ብላ ከአፈሩ የወጣውን የዱባዋን ጎን አየችው። ሐኪሟ እብጠቱ ተመልሶ እንደሆን በየወሩ ብብቷን እንድንዳብስ አዛን ነበር፤ የዚያን ወር እኔ በፍርሃት ነገ ዛሬ ስል ከርሜያለሁ። እማዬ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠችና የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች።

“ዱባ ነው፤ ይበስብስ” አለች። “አንቺ እጅሽን ታጠቢና ነይ፣ ብብቴን ዳብሺልኝ።”

እጄን ታጥቤ ሄድኩ።