የሳኖባር ጣሪያ

ሳኖባር ግትር ናት። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ሠላሳ ዓመት በር ለበር ኖረናል፣ ፊት ለፊቷም ብያታለሁ። እዚሁ ቡኻራ ከተማ ውስጥ የሰርግ ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው። ነጭ የለበሰች ሙሽሪትና ጥቁር ኮት ያጠለቀ ሙሽራ አብረው ሲቆሙ ካሜራ አንዱን አይቶ ሌላውን ያጠፋል። እሷ ግን አንዴ አጨልማ፣ አንዴ አብርታ ታነሳና ኮምፒውተር ላይ አንዱን በሌላው ደርባ፣ ከየፎቶው በደንብ የወጣውን ታስቀራለች። የምትተዳደረው በዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት የከተማው ኮሚቴ ሰዎች መንገድ ሊያሰፉ ቤቶቻችንን መዘገቡ። ቅርስ የሆነው ይቀራል፣ ያረጀው ይፈርሳል አሉ። በር ላይ ቆመው በስልክ ፎቶ አንስተው ሄዱ። የሳኖባር እንግዳ መቀበያ ጣሪያውን አያቷ በእጃቸው ስለው ያስጌጡት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ግን አንድ፣ እሱም ጠባብ። በእነሱ ፎቶ መስኮቱ ነጭ እሳት፣ ቀሪው ከሰል ሆነና «ያረጀ» ተብሎ ተጻፈ። የእኔም ቤት እንዲሁ ተጽፎ ነበር። እኔ ፈሪው «ይፍረስ» የሚለው ወረቀት ላይ ወዲያው ፈረምኩ፤ አሁን ልጄ ቤት ተዳብዬ ነው የምኖረው።

እሷ አልፈረመችም። ካሜራዋን መቆሚያ ላይ ተክላ ክፍሉን አምስት ጊዜ አነሳችው፤ ለመስኮቱ አጨልማ፣ ለጣሪያው አብርታ፣ በመሀልም ሦስት። አዋህዳ አንድ ፎቶ አደረገችና ለኮሚቴው ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ፋይዙላ የሚባል ወጣት የኮሚቴ ሰው ፎቶውን ይዞ ከች አለ። ነገር ሸትቶኝ እኔም እዚያው ተገኘሁ።

«እትዬ፣ ይሄ በኮምፒውተር የተቀባ ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ ያስቀጣል።»

«የቱ ጋ ነው የቀባሁት?»

«እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። ባለፈው በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።»

«በር ላይ ቆሞ ቤት የሚያይ ሌባ ነው። ግባ።»

«ጊዜ የለኝም፣ እዚሁ ይፈርሙልኝና ልሂድ።»

«ሻይ ሳይጠጣ ከቤቴ የወጣ ሰው የለም፤ ባንተ አልጀምርም። እናትህ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችህ?»

እናቱ ከተነሳች ምን ያድርግ፣ ገባ። ከበሩ ርቆ፣ የክብር ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ጨለማው ውስጥ በዳበሳ ትራስ ሲፈልግ ሳቄን ዋጥኩ። እኛ ዘንድ ሻይ ችኮላ አይወድም፤ ስኒው ላይ ቀድተህ ወደ ማንቆርቆሪያው ትመልሳለህ፣ ሦስት ጊዜ። ሳኖባር ያን ቀን እጇ የኤሊ ነበር። ቀዳች፣ መለሰች። ደግሞ ቀዳች፣ መለሰች።

ሦስተኛውን ስትመልስ ፋይዙላ ቀና እንዳለ ቀረ። ዓይኑ ጨለማውን ለምዶት ነበር። መጀመሪያ ሰማያዊው፣ ከዚያ ቀዩ፣ ከዚያ ወርቃማው ቅጠል ታየው።

«አሁን ማነው የቀባው?» አለችው። «እኔ ነኝ ወይስ አያቴ?»

ጣሪያውን በስልኩ አነሳው፤ ጥቁር ወጣለት። ስልኩን አየ፣ ጣሪያውን አየ። አፈረ፣ አይቼዋለሁ።

«የተዋሃደ ፎቶ ደንባችን አይቀበልም፣ እትዬ» አለ ዝግ ብሎ። «ከአምስቱ አንዱን ይስጡኝ።»

«አንዱን ብቻ አልሰጥህም፤ ለብቻው ሁሉም ጎዶሎ ነው። ደንባችሁ ባያየው አንተ አይተኸዋል። አይሆንም ካልክ እዚሁ እንደተቀመጥኩ በላዬ ላይ አፍርሱት።»

እስክሪብቶ አወጣ። አስፈርሟት ሊሄድ መሰለኝ። የተዋሃደውን ፎቶ ጭኑ ላይ ገልብጦ ጀርባው ላይ «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጻፈና፣ እሱ ራሱ ፈረመበት።