የአማቴ ጉብታ

አማቴ ግቢ ስደርስ ሞተሩን ማጥፋት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ከነቀምቴ እስከ ዲጋ መንገዱን በሙሉ ለራሴ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ «እንዳታጠፋ፣ እንዳታጠፋ»። ግን አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዙረው «ኮታ፣ ኮታ፣ ሶዳ!» እያሉ ከደጃፉ ብቅ ሲሉ፣ እጄ እኔን ሳያማክር ቁልፉን ዘጋው። ኮታ በነሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ኑ ማለት ነው፤ ሶዳ ደግሞ አማትም አማችም ነው፣ ሁለታችንም እንጠራራበታለን። በዚያ አገር ከበቅሎ ሳይወርድ አማቱን ሰላም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ሞተር እያጉረመረመ «ነጋ ጅርቱ?» ብሎ ደህንነት መጠየቅም ያው ከበቅሎ አለመውረድ መሰለኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ ላይ ጨውና አቡጀዲ ይነግድ ነበር፤ እኛ ቤት ከተማውን ለቀምት ነበር የምንለው። ሚስቴ የዲጋ ልጅ ናት። አባቷ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። እሷን ለኔ ሲሰጡ ዘመዶቻቸው፣ ከሁሉም ይልቅ ታላቅ ወንድማቸው፣ ደስ አላላቸውም። «ለመጤ ነጋዴ ልጅ? ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ የት እንደሚሆን ማን ያውቃል?» ብለው ነበር። አማቴ «እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ወሬውን ዘጉት። ስለዚህ እኔ ካፈርኩ እሳቸውም ያፍራሉ።

ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። በሰላም ወለደች። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አማቴ እናትና ልጁን በራሳቸው በቅሎ፣ በራሳቸው ሰዎች አጅበው እንደሚሰዱልኝ ላኩብኝ። ይህ ደግነት ነበር። እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ሚስቱንና ልጁን ማምጣት ያቃተው ባል የተባልኩ መሰለኝ። «በመኪናዬ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» ብዬ መልስ ላክሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሁድ ከጸሎት በኋላ እንደምመጣ ዲጋ ሁሉ ሰማ።

መኪና የምላት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛኋትን፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ አሮጌ መኪና ነው። ከመሪው አጠገብ ትንሽ ቀይ መብራት አለቻት። ሞተር ሲነሳ ያች መብራት መጥፋት አለባት፤ ካልጠፋች ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም ማለት ነው። የኔዋ አንድ ቀን ጉቴ ገበያ ደርሼ ከተመለስኩ ጀምራ ፈዘዝ ብላ ትበራ ነበር። ጠዋትም ማታም ሳያት ለመድኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬም ተመነጠርኩ።

ቅዳሜ መኪናዋን አጠብኩ። ከኋላ ተከማችቶ የነበረውን ቅባት የነካው ብረታ ብረት ሁሉ ሕፃኑን እንዳይሸተው ብዬ አወጣሁና አዲስ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ካወጣሁት መሀል ማኖቬላው ነበረበት፤ ባትሪ ሲሞት ሞተሩን በእጅ የሚያዞሩበት ቆልማማው ብረት ማለቴ ነው። ልጄን ላመጣ ስሄድ ልጄን የሚያመጣልኝን ዕቃ እቤት ትቼ ሄድኩ ማለት ነው።

እሁድ ጭጋግ ነበር፣ ካፊያም ነበር። መንገዱን በሙሉ መብራቴን አብርቼ፣ የመስተዋቱን መጥረጊያ እያስሮጥኩ ሄድኩ። ባትሪው ከፊት ይሰጣል፣ ከኋላ የሚተካለት የለም። አማቴ ግቢ ስደርስ ሊሟጠጥ ጥቂት ቀርቶታል። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ለአክብሮት ብዬ ያጠፋሁት።

ተቀመጥኩ፣ ተስተናገድኩ። የሚስቴ እናት እንደ ወጉ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ድምፃቸውን ብቻ አሰሙኝ። አንጮቴ በቅቤ ቀረበ፤ የወለጋ ሰው ያከበረውን ሰው የሚያበላው ያንን ሥር ነው፣ ተቀቅሎ፣ ተቀጥቅጦ፣ በቅቤና በቅመም ታሽቶ። ልጄን አምጥተው አስታቀፉኝ። አማቴ ለወንድማቸውና ከጸሎት አብረዋቸው ለመጡት ሽማግሌዎች «ሶዳ በመኪና ነው የመጣ» እያሉ፣ ያላዩ ይመስል ደጋግመው ይነግሯቸው ነበር። በእያንዳንዱ ቁጥር የበላሁት አንጮቴ ደረቴ ላይ ይቆማል።

ተመርቀን ወጣን። ሚስቴ ሕፃኑን አቅፋ በረንዳው ላይ ቆመች። ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለ። እንደገና አዞርኩ። ቀጭ። ከዚያ በኋላ ቀጭ ማለቱንም ተወው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ወርጄ የፊቱን ክዳን ከፈትኩ። ምናልባት ገመዱ ይሆናል ብዬ የባትሪውን ጫፎች አየሁ፤ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር በቅሎባቸዋል። ሙቅ ውሃ ለመንኩ፣ አማቴ ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። አጠብኩ፣ በቢላዋ ፋቅሁ፣ አጠበቅሁ። ምንም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተጣብቆ ይሆናል ብዬ በድንጋይ መታ መታ አደረግሁት፤ አሁንም ምንም። የፊት መብራቱን አብርቼ ዞሬ ባየው ሊከስም እንዳለ ፍም ቀልቷል። በመጨረሻ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው፣ እንደ ከሳ ሰው ቀበቶ ልፍስፍስ ብሎ ገባልኝ። ጥፋቱን አገኘሁት። ግን ቺንጋ ማጥበቅ ለነገ ነው እንጂ ለዛሬ አይሆንም፤ ዲናሞው እንዲሰጥ ሞተሩ መነሳት አለበት፣ ሞተሩ እንዲነሳ ባትሪው መስጠት አለበት።

ሽማግሌዎቹ ከበውኝ በዝምታ ያያሉ። የአማቴ ታላቅ ወንድም ብቻ በጥሩ አማርኛ «በቅሎ ደግ ናት» አሉ። «ገብስ ከበላች ሌላ አትጠይቅም»። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አማቴ አልሳቁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምን ይሻላል?» አሉኝ አማቴ።

«ከተገፋች ትነሳለች» አልኩ።

ግቢው ሜዳ ነው፣ ከዝናቡ የተነሳ ጨቅይቷል። ወጣቶቹ ለመዝሙር ሌላ መንደር ሄደዋል። ያሉት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። አማቴ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፣ ከዘራቸውን ከአጥሩ አስደገፉ፣ ቡሉኮአቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡና ከመኪናዋ ኋላ ሄዱ።

ዘልዬ ከፊታቸው ቆምኩ። «አይሆንም! እርስዎ አይገፉም! እኔ ልግፋ!»

«መንዳቱን ማን ያውቃል?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። «ግቡ፣ ሶዳ። ተቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። አማት ቆሞ አማች አይቀመጥም፤ አማት ፊት ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥማ ጨርሶ አይታሰብም። እኔ በመቀመጫዬ ላይ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ እሳቸው በእጃቸው የኔን መኪና እየገፉ። «ዲባ! ዲባ!» ይሉ ነበር ለወንድማቸው፤ ግፉ፣ ግፉ ማለታቸው ነው። ወንድማቸውም ይገፉ ነበር። መኪናዋ እየተንፏቀቀች ሄደች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፣ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨችና ተነሳች።

ወደ ኋላ የሚያሳየው መስተዋት ላይ አየኋቸው። መኪናዋ ከእጃቸው ስታፈተልክ አማቴ በሁለት ጉልበታቸው ጭቃው ላይ ወደቁ። ባርኔጣቸው ተንከባለለ።

መቆም ነበረብኝ። እግሬን ከቤንዚኑ ላይ ባነሳ ግን ትጠፋለች፤ ከጠፋች ደግሞ ከዚያ ጭቃ ተነስተው እንደገና ሊገፉኝ ነው። አልቆምኩም። በሩን አልፌ ወጣሁ፣ መንገዱ ቁልቁል ወደሚሆንበት ደረስኩና እዚያ ቤንዚን እየሰጠሁ ጠበቅሁ። ሚስቴንና ዕቃዋን ይዘው መጡ። ሕፃኑን ያመጡት አማቴ ነበሩ። ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ናቸው። ልጁ ላይ ግን ጠብታ ጭቃ አልነበረም። ለሚስቴ አስታቀፏትና እጃቸውን ጣሪያው ላይ አድርገው ባረኩን፤ በሰላም ግቡ አሉን። እኔ ቤንዚኑን ረግጬ፣ እንደተቀመጥኩ፣ አንገቴን ብቻ ሰበር አደረግሁ።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ሚስቴ «አባቴ ሲወድቁ አይተሃል?» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልቆምክም?»

«ብቆም ትጠፋለች።»

ፊቷን ወደ ልጁ አዞረች። 

በማግሥቱ ዲናሞውን ፈትቼ አየሁት፤ ካርቦኖቹም አልቀዋል። ለወጥኳቸው፣ አዲስ ቺንጋ አስገባሁ፣ ባትሪውን አስሞላሁ። ከዚያ ወዲያ ያች መኪና በቁልፍ ጫፍ የምትነሳ ሆነች። እኔም በየጠዋቱ ያለ ጉዳይ እያስነሳሁ እሰማት ነበር። ያኔ ስጠራው ያልሰማኝ ሎሌ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ጨዋ የሆነብኝ ያህል ታናድደኝ ነበር።

ለፋሲካ ዲጋ ስንመለስ ግቢው መሀል ላይ አዲስ ጉብታ አየሁ። አፈር ተቆልሎ፣ ጎን ለጎኑ በድንጋይ ተደግፎ፣ በአንድ በኩል መውጫ፣ በሌላው በኩል እስከ በሩ የሚያደርስ ቁልቁለት ተበጅቶለታል። አማቴ እጄን ይዘው ወሰዱኝ።

«እዚህ ላይ ያቁሟት» አሉኝ። «ሲሄዱ ወደ ታች ትንከባለላለች። ሰው አትጠይቅም።» ከዚያ ቀስ ብለው «በደቦ ነው የሠራነው። ወንድሜም ቆፍረዋል» አሉ።

ምን ልበል? መኪናዋ ተሠርታለች፣ ድካማችሁ ለከንቱ ነው ልበላቸው? ያ ሁሉ ሰው ለኔ ኀፍረት መሸፈኛ አፈር ሲያጓጉዝ ከርሟል። አፌን ከፍቼ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አልኩ። መኪናዋን ጉብታው ላይ አወጣኋት። ስንሄድም ቁልፉን ከፍቼ ብቻ፣ ሞተሪኖውን ሳልነካ፣ ተንከባልዬ አስነሳኋት። አማቴ ወንድማቸውን ዞር ብለው አዩዋቸው፤ «አላልኩም?» የሚል አስተያየት ነበር። ልጃችን በእግሩ እስኪሄድ፣ ሌላም እስኪወለድ፣ ዲጋ በሄድኩ ቁጥር እንዲሁ አደርግ ነበር።

አንድ ጊዜ አማቴን ዓይናቸውን ለማሳከም ነቀምቴ አመጣኋቸው። ልመልሳቸው ስነሳ ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ ቆመን ለባለቤታቸው ስኳር ገዛን። ገባሁ፣ እንደ ልማዴ ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዋ ወዲያው ተነሳች።

ካስነሳኋት በኋላ ነው የነቃሁት። አማቴ ቁልፉን አዩ፣ እጄን አዩ፣ ከዚያ ፊት ለፊት መንገዱን ማየት ጀመሩ። ዓይናቸው እንደታከመ በደንብ ያዩ ነበር። ላስረዳቸው ፈለግሁ፣ ከየት እንደምጀምር ግን አጣሁ። ዲጋ ደረስን። ግቢው ስገባ መሪውን ወደ ጉብታው ጠመዘዝኩ፤ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«እዚሁ ሜዳው ላይ ይሁን፣ ሶዳ» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። «አፈሩ ለስላሳ ነው፣ እንዘራበታለን።»

በመስከረም ስንሄድ ጉብታውን አረንጓዴ ሐረግ ውጦታል። መኪናዋን ሜዳው ላይ አቆምኩ፣ ሞተሩንም አጠፋሁ። ገብቼ ተቀመጥኩ። የሚስቴ እናት ከመጋረጃው ወዲያ ሰላም አሉኝ። አንጮቴ በቅቤ ቀረበ። አማቴ በእጃቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ።

«ከጉብታው ነው» አሉኝ።

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። የቀረበልኝን ግን አንድም ሳላስተርፍ በላሁ።