ሽማግሌ አባት ያላት ተከራይ

አባቴን ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ያመጣሁት እናቴ ከሞተች ከሁለት ወር በኋላ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ያኔ የምኖረው በአንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነበር። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራዮች ነበርን፤ ክፍሎቻችን በአንድ ጣሪያ ሥር ተደርድረው፣ ቧንቧውና ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር። አንድ አልጋ ጨመርኩ፣ በመሃሉ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ አባቴም ገባ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበር። በአንጋጫና በዙሪያዋ እሱ በር ያልገጠመለት ቤት ጥቂት ነው። መርሳት የጀመረው እናቴ በሕይወት እያለች ቢሆንም እሷ ሸፍናው ኖረች። እንግዳ ሲመጣ በእሱ ፈንታ ትመልሳለች፣ ከወጣበት ሄዳ ትመልሰዋለች፣ ለእኛ ለልጆቹ «ደክሞት ነው» ትለናለች። ምን ያህል እንደረሳ ያወቅኩት እሷ ከሌለች በኋላ ነው። መጀመሪያ የጠፋው አማርኛው ነበር። ለጎረቤቶቼ ሰላምታ በከምባትኛ ይሰጣል፣ እነሱ ደግሞ ግማሾቹ ሀዲያ፣ ግማሾቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ፈገግ ብለው ያልፉታል።

ወዲያው የሰው ክፍል መግባት ጀመረ። የተሰጣ ልብስ ከገመድ ላይ አውርዶ ያጥፋል፣ ወንበር ይዞ ይወጣል። ጎረቤቶቼ ታገሱኝ። የመጨረሻው ግን የአራሷ በር ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ገና ሁለተኛ ሳምንቷን የያዘች አራስ ነበረች። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ አባቴ በሯ ሲንሻፈፍ አይቶ ኖሮ፣ ከየት እንዳገኘው የማላውቀውን መዶሻ ይዞ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ሊያስተካክለው ነበር። ከዚያ ምን ሊሠራ እንደነበር ረሳና ሄዶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ስመለስ ባልየው በሩን ራሱ እየገጠመ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ።

ማታውን አከራያችን መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ቲቸር፣ አባትሽን ጠልቼ አይደለም» አሉኝ። «የአራስ በር ተነቅሎ ግን ዝም ልል አልችልም። ለብቻው የሆነ ቤት ፈልጊላቸው። ሁለት ወር እጠብቅሻለሁ።»

እውነታቸውን ነበርና አልተከራከርኳቸውም።

ባጃጅ ተራው አጠገብ የሚቆም አንድ ደላላ ነበር። የምፈልገውን ነገርኩት፤ ትንሽ ቤት፣ ለብቻው፣ አጥር ያለው፣ በአስተማሪ ደመወዝ የሚቻል። «ቀላል ነው» አለኝ። ለብቻው የሚለው ቃል ለደላላ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የመጀመሪያው ለብቻው የተባለ ቤት ጀርባውን ከእህል ወፍጮ ጋር የተጋራ ነበር፤ ቆመን ስንነጋገር እንኳ መጮህ ነበረብን። ሁለተኛው በእርግጥ ለብቻው ነበር፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ በሩ ብረት፣ ኪራዩ ግን ከደመወዜ በላይ። «ከሰው ጋር ብትጋሪውስ?» አለኝ ደላላው። ብጋራው ለብቻው መሆኑ ምኑ ላይ ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ ሳቀ።

ሦስተኛውን ወደድኩት። ሁለት ጠባብ ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ጎመን የተተከለበት መሬት፣ ጥሩ የቆርቆሮ አጥር። ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቁኝ።

«ከአባቴ ጋር።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ ስምንት።»

«ያማቸዋል?»

«አያማቸውም። ይረሳሉ።»

ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አሉ። «ሽማግሌ ሰው እዚህ ቢያርፍ ድንኳኑ የሚተከለው እኔ ደጅ ነው። ለቅሶ የሚደርሰውም እኔን አይቶ ነው። እኔ ራሴ የታመምኩ ሴት ነኝ፣ አልችለውም።»

ስንወጣ ደላላው ተቆጣኝ። «ቲቸር፣ ማን ጠየቀሽ ስለ አባትሽ? ብቻዬን ነኝ በይና ግቢ። ከገባሽ በኋላ ሊጠይቁኝ መጡ ትያለሽ፣ ከዚያ ቆዩ ትያለሽ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ከሁለቱ ወር አንዱ አልቆ ነበር። በአራተኛው ቤት ደላላው እንዳለኝ አደረግኩ። አከራዮቹ ባልና ሚስት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ትንሿ ቤት ከእነሱ ጓሮ በአጥር ተከፍላ የራሷ በር ያላት ነበረች። ብቻዬን ነኝ አልኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ ቁልፍ ተቀበልኩ። በቅዳሜው መጥረጊያና ባልዲ ይዤ ሄድኩና ወለሉን አጠብኩ። አባቴ የሚተኛበትን ጥግ እየለካሁ ሳለ ሚስትየዋ ቆጮ በጎመን ይዛልኝ መጣች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አብረን ቁጭ ብለን በላን። ስለ ሥራ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ተጨዋወትን።

«ወላጆችሽ የት ናቸው?» አለችኝ።

«ሁለቱም አርፈዋል» አልኳት።

ቃሉ ቀድሞኝ ነው ከአፌ የወጣው። እሷም ከልቧ አዘነች፤ «ነፍስ ይማር» ብላ እጄን ያዘች። መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የእናቴን ነገርኳት። የአባቴን ስትጠብቅ ባልዲውን አንስቼ ውሃ ልድፋ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ መጋረጃው ሥር ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል። እጁን አስታጠብኩት። ውሃውን ሳፈስለት በእናቴ ስም ጠራኝ፤ አላረምኩትም። በማግስቱ ቁልፉን ይዤ ተመለስኩ።

«ዋሽቻችኋለሁ» አልኳት ሚስትየዋን በር ላይ። «አባቴ በሕይወት አለ። ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ይረሳል፣ የሰው ቤት ይገባል፣ በር ይነቅላል።»

ባሏን ጠራችው። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ባልየው ሁለት ትንንሽ ልጆች እንዳሏቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ እንደሚያሳልፉ በትሕትና ነገረኝና ቀብዱን ሳያጎድል መለሰልኝ። ሚስትየዋ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችኝ።  ስንለያይ «አባትሽን ሰላም በይልኝ» አለችኝ።

ደላላው ይህን ሲሰማ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እውነት የምትናገሪ ከሆነ ለአንቺ የሚሆን ቤት እኔ ጋ የለም፣ ቲቸር» አለኝ። ያለ ቅያሜ ነበር የተለያየነው።

የሰፈራችን ባለሱቅ ጉራጌ ነው፤ ቤተሰቡ ከአባቱ ጀምሮ ሆሳዕና የነገደ። አባቴ አንዳንዴ ሱቁ ገብቶ መደርደሪያውን በጣቱ እያንኳኳ ሲመረምር ዝም ብሎ ያየዋል እንጂ አያስወጣውም። አንድ ቀን ሳሙና ስገዛ ቤት እንዳጣሁ ነገርኩት።

«አንዲት ቤት አለች» አለኝ። «የጭቃ ናት። ከአስፋልቱ ትርቃለች። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት የሀዲያ ሴት ናት፣ ደንበኛዬ ነች። እስካሁን ለጠየቃት ሁሉ አላከራይም ብላለች። ቢሆንም ሄደሽ እያት።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። አባቴን የምተውለት ሰው ስላልነበረ አብሮኝ ሄደ። ባጃጁ ኮረኮንቹ የሚያበቃበት አወረደን፤ ከዚያ በእግራችን። ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ስድሳን ያለፈች፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ በአማርኛዋ ውስጥ ሀዲይኛዋ የሚሰማ ሴት ናት። ትንሿ ቤት ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ኋላ ትታያለች።

ማን እንደላከኝ ነገርኳትና ስለ አባቴ ምንም ሳልደብቅ አወራሁላት። ባቄላዋን እየፈለፈለች ሰማችኝ።

«ባለቤቴም እንደዚሁ ሆኖ ነበር» አለች። «ስድስት ዓመት። እዚያች ቤት ነው ያስታመምኩት። ልጆቼ ትልቁን ቤት እንዳያፈርስባቸው ብለው አሠሩለት። ሌሊትና ቀን ይጣራል። ስሄድ ማን እንደጠራኝ አያውቅም። እሱ ካረፈ በኋላ ነው እንቅልፍ የተኛሁት። አሁን ያንን ድምፅ ደግሜ ልስማ ብል አልችልም። ቤቱን የማላከራየው ለዚህ ነው።»

«እውነትዎን ነው» አልኳት።  ልሂድ ብዬ ስነሳ አባቴ አጠገቤ የለም።

ትንሿ ቤት በር ላይ ተንበርክኮ አገኘነው። መቃኑን ከላይ ወደ ታች በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ እንደገና ያንኳኳል። እጁን ይዤ ላነሳው ስሞክር ገፋኝና በከምባትኛ ተናገረ።

«ምን ይላሉ?» አለች ሴትየዋ።

«መቃኑን ምስጥ በልቶታል ይላል።»

ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ላይ ላዩ ደህና የሚመስለው እንጨት እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ። ቀና ብላ አባቴን አየችው። እሱ ግን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ በሩ ነበር የሚያየው። የውጭ መቀርቀሪያው ከተለመደው ቦታ በላይ፣ ከጉበኑ ሥር ነበር የተመታው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ለባለቤቴ ብዬ ነው» አለች። «አንድ እንዲሁ ከውስጥም አለ። ወደ ላይ ማየት ረስቶ ነበር። እዚያ ካደረግነው በኋላ ጠፍቶብን አያውቅም።»

አባቴ እጁን ዘርግቶ የሆነ ነገር ጠየቃት። መዶሻ ነበር የሚፈልገው። በሀዲይኛ መለሰችለት። ሁለቱ ቋንቋዎች እህትማማች ስለሆኑ የተወሰነውን ይሰማሙ ይሆናል፤ የተቀረውን ግን ሁለቱም አልፈለጉትም። እሱ ስለ መቃኑ ያወራል፣ እሷ ምን እንደምትል እኔ አላውቅም። ጥቂት ቆይታ «ላስብበት» አለችኝ። 

በአምስተኛው ቀን በባለሱቁ በኩል «ትምጣ» ብላ ላከች። ኪራዩ ከሰርቪሷ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ነበር። ውል አልጻፍንም፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችኝ።

«ሲጣሩ አንቺ ሂጂ። እኔን አትጥሪኝ።»

እሺ አልኳት። መቃኑን ለማስቀየር አንድ ወጣት አናጢ አመጣሁ። አባቴ ከጎኑ ቆሞ ሚስማሩን እያቀበለው ዋለ፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለቱንም ጊዜ አባቴ እጁን ይዞ አስቆመው። እኔ በማስተምርበት ሰዓት አባቴን የምትጠብቅ አንዲት ጎልማሳ ሴት ቀጠርኩ። ባለቤቲቱ ቃሏን ጠበቀች። በአጥሩ ቀዳዳ ሰላም ትለኛለች፣ ወደ ትንሿ ቤት ግን አትሻገርም። አባቴ ሲጣራ በሯን ስትዘጋ ይሰማኛል።

በአራተኛው ወር ገደማ የቀጠርኳት ሴት የልጇን ሕመም ሰምታ ድንገት ወደ ቦኖሻ ሄደች። ስልክ ብትደውልልኝም ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ አላነሳሁትም። ከሰዓት በኋላ ሳየው እየሮጥኩ ባጃጅ ያዝኩ። ስደርስ ባለቤቲቱ ትንሿ ቤት ደጃፍ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። አባቴ ከውስጥ ይጣራል፤ እሷም ሳትዞር ትመልስለታለች። እሱ ይጠራል፣ እሷ «አቤት» ትላለች።

«መልስ ከሰጠኋቸው ያቆማሉ» አለችኝ። «የኔው ግን መልስም አያስቆመውም ነበር።»

ይቅርታ ልጠይቃት ስል እጇን አወዛውዛ አስቆመችኝና ተነስታ ሄደች። በማግስቱ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ራሷ መጣች፤ ከባቄላዋ ጋር። የቀጠርኳት ሴት ከቦኖሻ ስትመለስ ግማሽ ቀን ብቻ እንድትሠራ ተስማማን። የቀረውን ባለቤቲቱ ያዘችው። ልከፍላት ብል አልተቀበለችኝም። ስኳር ስገዛ ለእሷም እገዛለሁ፤ እሱን ትቀበላለች።

እዚህ ከገባን ሁለት ዓመት ተኩል ሆነን። አባቴ አሁን ብዙ አይሄድም፤ ክረምት ክረምት ቅዝቃዜው ያመዋል። የጣሪያው ቆርቆሮ በአንድ በኩል ስላፈሰሰ ባለፈው ሐምሌ አስቀየርነው። ባለቤቲቱ አዲስ አበባ የሚኖር ትልቅ ልጅ አላት። የጭቃዋን ቤት አፍርሶ በቦታው ሰርቪስ ቤቶች ደርድሮ ማከራየት ይፈልጋል፤ ቢያሰላው ትክክል ነው፣ ሰፈሩም እየለማ ነው። በስልክ ሲጨቃጨቁ በአጥሩ ማዶ ሰማሁ። ሀዲይኛዬ ደካማ ቢሆንም ያለችውን አውቄዋለሁ። «ቤቱ ሰው አለበት» ነበር ያለችው።

እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። ባለፈው ሳምንት ከአጥሩ ሥር ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ፤ ለመድረስ ወራት ይፈልጋል።