አባባን «አንተ» ያልኩበት ዓርብ

ድርሰቴ አንደኛ ወጣ! ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ የአማርኛ መምህራችን ስሜን ሲጠሩ እግሬ መሬት መርገጡን እንጃ። ጓደኛዬ ጎኔን ቆንጥጣ «ደራሲት! ከእንግዲህማ ሰላምታሽም በአራት ነጥብ ነው የሚያልቀው» አለችኝ። ሳቅኩ። መጻፍ እችላለሁ ብዬ ለራሴ የነገርኩት ገና ዘንድሮ ነው፤ ያን ጠዋት ግን ጋይንት ሁሉ የሰማኝ መሰለኝ።

መምህሩ ከድርሰቴ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጠው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «አባቴን አንዲት ቀን እንኳ ብቻቸውን ትቻቸው አላውቅም።» ተጨበጨበ። ደስታዬ እዚያው ላይ ጎረበጠኝ። ያንኑ ድርሰት ላስረክብ የሄድኩ ቀን አባባን ብቻቸውን ትቻቸው ነበርና።

አባባ መርሳት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆናቸው። መጀመሪያ የጠፋቸው የበሬዎቹ ስም ነው። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ። ከዚያ እኔ። መልኬ ቁርጥ እናታቸውን ነው ይባላል፤ ስገባ ከመደቡ ብድግ ብለው «እምዬ፣ መጡ? ይቀመጡ» ይሉኛል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ኋላ ለመድኩት፤ ከዚያም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተጠቀምኩበት።

ዓርብ ዓርብ እማ እህል በአህያ ጭና አርብ ገበያ ስለምትውል፣ እኔ ከትምህርት ቀርቼ አባባን እጠብቃለሁ። ያን ዓርብ ረፋድ ላይ ጓደኛዬ ደወለች። «ድርሰቱን የሚቀበሉት እስከ ዛሬ ነው፤ ካላመጣሽ ቀረ!» ትምህርት ቤቱ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሮጬ እመለሳለሁ አልኩ።

«አባባ፣ እስክመለስ እዚህ ይቀመጡ» አልኳቸው። ተነሥተው ተከተሉኝ። ለመንኳቸው። አሁንም ተከተሉኝ። በመጨረሻ ዞር አልኩና ድምፄን እንደ እናታቸው አወፍሬ፣ በዕድሜዬ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ተናገርኩ።

«አንተ! ቁጭ በል! ስጡን ጠብቅ፤ እስክመጣ እንዳትነሣ!»

በእኛ ዘንድ አባት «አንቱ» ነው። «አንተ» ያልኩ ጊዜ ምላሴ ራሱ ደነገጠ። አባባ ግን አልተቆጡም። ግቢው ውስጥ ለፀሐይ ከተሰጣው ገብስ ዳር ሄደው፣ ስጥ እንደሚጠብቅ ልጅ ቁጢጥ አሉ።

«እሺ እምዬ። ዶሮ አላስነካም።»

እየሮጥኩ ወጣሁ። ዘዴዬ ገርሞኝ መንገዱን ሁሉ ሳቅኩ።

ወረቀቱን አስረክቤ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። ግቢ ስደርስ አባባ ካስቀመጥኳቸው ቦታ ስንዝር አልተነቃነቁም። ጋቢያቸውን አውልቀው ገብሱን አልብሰውታል፤ እርሳቸው በሸሚዝ ብቻ ይንቀጠቀጣሉ። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

«እምዬ፣ አንዲት ፍሬ አልተበላም።»

እማ ከገበያ ስትገባ እሳት ዳር አገኘቻቸው። «ምን ሆነው ነው እንዲህ የበሰበሱት?» አለችኝ።

«ውሃ ልቀዳ ስሄድ ራሳቸው ወጥተው ነው።»

«ምነው እርስዎ! ደመና አይተው የሚያርሱ ሰው!» ብላ ተቆጣቻቸው።

አባባ ቀና አሉ። «እምዬ አዘውኝ ነው።»

«እናትዎ እኮ ከሞቱ ቆዩ» አለች እማ። እውነቱን የተናገሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያመናቸው የለም። እኔ እንጨት እቆሰቁሳለሁ። የያዛቸው ሳል ሁለት ሳምንት አልለቀቃቸውም፤ ባሳሉ ቁጥር ከእንቅልፌ እየባነንኩ እንኳ አልተናገርኩም።

አንደኛ በወጣሁበት ሰኞ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ኖሯል። እማ እልል ልትል አፏን ስትከፍት «ቆይ እማ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «የተቆጣሁት እርሳቸውን ነው። ሂጂ ለእርሳቸው ንገሪ።»

ጉልበታቸውን ስሜ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ይቅር ለእግዜር፣ እምዬ» አሉኝ። ቀጥለውም «ገብሱ ገባ?» አሉ።

«ገብቷል አባባ። አንዲት ፍሬ አልተበላም።»

ይቅርታውን ያገኙት እናታቸው ናቸው፤ እኔ ገና አላገኘሁም። ግን ዓረፍተ ነገሩን ሰርዣለሁ። በቦታው «አንድ ዓርብ ብቻቸውን ትቻቸው ሄድኩ» ብዬ ጀምሬ፣ «አንተ» እስካልኳቸው ድረስ ጽፌዋለሁ። መምህሩ ካነበቡት በኋላ አንደኝነቴን ቢነሱኝም ይንሱኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለመጣው ሰው ሁሉ አነብበዋለሁ። ኑ። አባባም ከእማ ጋር ከፊት ይቀመጣሉ። ሰላም ስትሏቸው ብቻ «አወቁኝ?» ብላችሁ አትፈትኗቸው፤ ማን እንደሆናችሁ ንገሯቸው። ብድግ ብለው ቦታቸውን ከለቀቁላችሁ ደግሞ፣ «እርስዎ ይቀመጡ» በሏቸው።