የሌጦ መኪናችን የኋላ መስታወት

ባለፈው ክረምት ጎንደር ውስጥ ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ በአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠልዬ ሳለሁ፣ እርጥብ ሌጦ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸከመ ሰው መጥቶ ሸክሙን እግሬ ሥር ዱብ አደረገውና፣ የጨው፣ የሞራና የከረመ ደም ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላው። ዝናቡ ሳያባራ፣ ጃንጥላዬን እንኳ ሳልዘረጋ፣ ሰውየውን ጥዬ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ምራቄን እየተፋሁ ሄድኩ፤ ደርሼም ልብሴን አውልቄ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ባለቤቴ «ምን ነካሽ?» አለኝ፤ ያን ሽታ ለማስረዳት ዳባት ከነበረው ቤታችን፣ ከአባቴ ነጭ መኪናና ከእናቴ እግር መጀመር ነበረብኝ።

አባቴ ኑሩ የሌጦ ነጋዴ ነበር። ከደባርቅ ገበያና ከጃናሞራ ከሚመጡ ገበሬዎች የበግና የፍየል ቆዳ እየገዛ፣ ጨው እየነሰነሰ ይደረድርና፣ ክምሩ ሲበዛ ጎንደር ወስዶ ለትልልቅ ነጋዴዎች ያስረክብ ነበር። መጋዘኑ ከምንተኛበት ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ በክረምት ፀሐይ ጠፍታ ሌጦው አልደርቅ ሲል፣ ደም የተቀላቀለበት የጨው ውሃ በበሩ ሥር እየተንጠፈጠፈ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይተኛል፤ ዝንቡም ከዚያ ተነሥቶ ሽሯችን ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ሞራው ላይ ነጫጭ ትሎች ሲርመሰመሱ አይቼ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ምንም ሳትናገረኝ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ እያደረገች ወደ ዴስኩ ጫፍ ትሸሽ ነበር። እናቴ ዘይነብ ዩኒፎርሜን በሳሙና አጥባ በሎሚ ታሸው ነበር፤ ሽታው ግን ከጨርቁ ውስጥ የበቀለ ይመስል አይለቅም። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ደግሞ በቤታችን ክልክል ነበር። አፍንጫዬን ስይዝ ያየኝ እንደሆነ አባቴ «የምትበዪውን እንጀራ ነው የምትጸየፊው?» ይለኛል፤ እጄን አወርዳለሁ። እናቴ ግን አንድም ቀን ሸተተኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ አባቴ ከኋላ የምትከፈት ነጭ አሮጌ መኪና ከጎንደር ነድቶ መጣ። «ለእናንተ ነው የገዛኋት፤ ሌጦውን አይሱዙ ይጭነዋል» አለ። እናቴ ሻሿን አስተካክላ ጋቢና ገባች፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩና እስከ ደባርቅ ሄደን ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ስንመለስ ጉሙ ከስሜን በኩል ወርዶ መንገዱን ሲያለብሰው፣ አባቴ አንዲት ማብሪያ ተጫነና «እስቲ ዞር ብለሽ እይ» አለኝ። የኋላው መስታወት ላይ ክር የመሰሉ ቡናማ መስመሮች ተጋድመውበት ነበር፤ በየመስመሩ ዳርና ዳር መስታወቱን የሸፈነው ላበት እየደረቀ መንገዱ በቁራጭ በቁራጭ ሲገለጥ አየሁ። «ኤሌክትሪክ ነው የሚያሞቀው» አለ አባቴ፣ ራሱ የሠራው ያህል እየኮራ። ያቺን መኪና ከዚያ ቀን በኋላ ንጹሕ ሆና አላየኋትም። መስከረም ሲጠባ፣ ለእንቁጣጣሽ ከታረደው የመጣው ሌጦ በዛ፣ አይሱዙው ዘገየ፣ አባቴም «ለዛሬ ብቻ» ብሎ የኋላውን ወንበር አጥፎ ጫነው። ያ ዛሬ ሳያልቅ መስቀል ደረሰ።

በጥቅምት ብርዱ ሲገባ፣ ማታ የተጫነው እርጥብ ሌጦ በተዘጋችው መኪና ውስጥ ሲያልበው ያድርና፣ ጠዋት መስታወቱ ሁሉ ከውስጥ ወርዝቶ፣ ከውጭ ውርጭ ለብሶ ይገኝ ነበር። የፊቱን ሞተሩ ሲሞቅ የሚነፍሰው አየር ያደርቀዋል፤ የኋላው ማሞቂያ ግን መሥራት አቁሞ ነበር። ማብሪያውን ሲጫኑት ብርቱካንማ መብራት ትበራለች፤ አባቴም «ይኸው በርቷል፣ ይሠራል፤ ብርዱ በርትቶበት ነው እንጂ» ይላል። ከኋላ ገብቼ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ክምሩ ላይ በጉልበቴ እየተንፏቀቅኩ፣ እጄ በረጋው ሞራ ላይ እየተንሸራተተ፣ እስትንፋሴን ይዤ ጨርቁን መስታወቱ ላይ አሳርፋለሁ። የሚመጣው ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ጣት ላይ የሚጣበቅ ቢጫ ቅባትም ነበረበት፣ ጨርቁም ከቅባቱ ብዛት ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይሰነጠቅ ነበር። ጠርጌ ወርጄ እጄን በአፈር ሳሽ፣ መስታወቱ ተመልሶ ይሸፈናል።

በኅዳር አባቴ ፊውዙን ቀየረ፤ መስታወቱ እንደ ቀዘቀዘ ቀረ። ጎንደር ውስጥ አንዱ «መስመሮቹ ሞተዋል፣ መስታወቱ ሙሉውን ይቀየር» አለው፤ ሌላው ደግሞ መስመሮቹን የብር ቀለም ቀብቶ ሸኘው። ሌጦውን አስወርዶ ከሥር ያየ ግን አልነበረም፤ አባቴም ላውርደው አላለም። በመጨረሻ «ስፖኪዮ አለ አይደል» ብሎ ተወው።

የገና ማግስት ነበር። አባቴ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ካረዱት በግ ሌጦውን ቤት ለቤት ሰብስቦ፣ መኪናዋ እስከ ጣራዋ ሞልታ አድራለች። ጠዋት የኋላው መስታወት ወተት የተደፋበት መስሎ ነበር። «ልጥረገው አባ?» አልኩት።

«በየት ትገቢያለሽ፣ ሞልቷል። ግቢ ጋቢና፣ ረፍዷል» አለኝና ሞተሩን አስነሣ።

እናቴ የግቢውን የቆርቆሮ በር ከፍታ፣ ነፋስ እንዳይመልሰው ድንጋይ ልታስደግፍለት ጎንበስ ብላ ነበር። አባቴ በግራና በቀኝ ስፖኪዮ ቃኘና የኋላ ማርሽ አስገባ። መጀመሪያ የሰማሁት የቆርቆሮውን ጩኸት ነው፤ ቀጥሎ የእናቴን። አባቴ ወርዶ ሲሮጥ ተከተልኩት። እናቴ ከበሩ ሥር ወድቃ፣ ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ፣ ደም በጫማዋ ላይ ይወርድ ነበር። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ቆመባትና «ምን ልትሆኚ እዚያ ቆምሽ?» አላት። ሽታ፣ ትልና ቅባት ሲያስጠላኝ ኖሯል፤ ሰው ያስጠላኝ ግን ያን ጊዜ ነው፣ ያውም አባቴ።

«ሌጦውን አውርደው» ብቻ አለችው እናቴ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«ጊዜ የለም ዘይነብ፣ ደም እየፈሰሰሽ ነው» አለና ከላይ ያለውን ጎትቶ ጥሎ፣ በቀረው ክምር ላይ ጋቢውን አንጥፎ አጋደማት። እኔ ከራስጌዋ ተሸጉጬ ጭንቅላቷን ያዝኩ። መኪናዋ በኮረኮንቹ ላይ በነጠረች ቁጥር የጨው ውሃው በጋቢው እየሰረገ ቁስሏን ያቃጥላት ነበርና፣ በሁለት እጇ የወንበሩን ብረት ጨምድዳ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አንሥታ «እጄን መልቀቅ አልቻልኩም፤ አፍንጫዬን ያዥልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት። ስንት ዓመት ሲያቅለሸልሻት እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አባቴ የኋላውን በር ሲከፍተው፣ የመጣችው ነርስ በጋውኗ አፏን ሸፍና ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ይህን እዚህ አምጡ ያላችሁ ማነው? በሽተኛዋስ የታለች?» ብላ ጮኸች።

«እዚህ ነኝ እህቴ» አለች እናቴ፣ ከሌጦው መሃል እጇን አውጥታ። ነርሷ እጇን ያዘቻት፤ አባቴን ግን እስክንለያይ ድረስ ቀና ብላ አላየችውም። ቁስሏን አጥበው በእንጨት አስረው፣ በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ላኳት፤ አጥንቷ እስኪገጥምም እዚያው እህቷ ዘንድ ሰነበተች።

በጥር ትምህርት ሲዘጋ ቤት የሚጠብቀኝ ስላልነበረ አባቴ በሄደበት ሁሉ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ጎንደር የሚሄድ ሌጦ ከኋላ እንዳለ፣ ደባርቅ አስፋልቱ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ መኮንን የሚባል ሰው ዘንድ ወሰደኝ። «መስታወቱ አላሳይ ብሎኝ ሚስቴን ገጨኋት» አለው አባቴ። መኮንን የኋላውን በር ከፈተው፣ ወዲያው መልሶ ዘጋውና ምራቁን ተፋ።

«መጀመሪያ ይህን ጥንብ አውርድልኝ።»

«ብዙ እኮ አይደለም፣ ሥራህን አይከለክልህም።»

«እኔን ይከለክለኛል» አለ መኮንን፤ ቁጭ ብሎም አባቴ አውርዶ እስኪጨርስ ጠበቀው።

ከዚያ ፊውዙን አይቶ ደህና መሆኑን ነገረው። አባቴ «ማብሪያዋም እኮ ትበራለች» ሲለው፣ «እሷ የምትነግርህ ኤሌክትሪኩ ማብሪያው ጋ መድረሱን ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለውን በምን ታውቃለች?» አለና፣ ሁለት ሽቦ የተቀጠለባት ትንሽ አምፖል አመጣ። አንዱን ሽቦ ከመኪናዋ ብረት ጋር አሰረው፤ በሌላው የመስታወቱን መስመሮች ቀኝ ጫፍ ሲነካ አምፖሏ ቦግ አለች። «እስከዚህ ደርሷል» አለ። ግራውን ጫፍ ሲነካም እንደዚያው ቦግ አለች፣ እሱም ከንፈሩን መጠጠ። «እዚህ ጋ መብራት አልነበረባትም። በቀኝ የገባው ኤሌክትሪክ መስመሮቹን አሙቆ፣ በግራ በኩል በዚህ ሽቦ ወደ መኪናዋ ቦዲ መውጣት አለበት። ገብቷል፣ መውጫ ግን አጥቷል። ካልወጣ አይሄድም፣ ካልሄደ አያሞቅም።»

ሽቦውን እየተከተለ ሄዶ፣ በግራ ጎን ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ብሎኑን ፈታና ገነጠለው። ውስጡ የተጠራቀመውን ሁሉ አየሁ፤ እንደ አተላ የወፈረ ቡናማ ውሃ፣ የጨው ግግር፣ የበግ ፀጉር፣ የዝንብ ቅርፊት፣ በመሃሉም የሚንቀሳቀሱ ትሎች። ሽቦው የታሰረበት ብሎን እንደ በሰበሰ ጥርስ ጠቁሯል። መኮንን ሽቦውን በፒንሳ ያዝ ሲያደርገው አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ እጁ ላይ ቀረ። ፒንሳውን ጥሎ ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ሮጠና አስመለሰው። አፉን እየጠረገ ሲመለስ «ይህ ተበላሸ አይባልም፤ ተበላ ነው የሚባለው። የሌጦህ ጨው ነው የበላው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ይሆን?» አለ አባቴ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ሌጦ ከጫንክባት ጀምሮ ነዋ።»

መኮንን ሽቦውን ቀዩ መዳብ እስኪታይ ወደ ኋላ ቆርጦ ሌላ ቀጠለበት፣ ውሃ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብረቱን ፍቆ በአዲስ ብሎን አሰረው፣ ግሪስም ቀባው። ሲጨርስ «ነይ ተንፍሺበት» አለኝ። መስታወቱ ላይ ተነፈስኩ፤ ጥቂት ቆይቶ በየመስመሩ ዙሪያ ላበቱ ይሸሽ ጀመር፤ የሆነ ነገር ፍቆ የቆረጠው አንድ የመሃል መስመር ብቻ ጭጋጉን እንደያዘ ቀረ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሠራ!» ብሎ አባቴ አጨበጨበ፤ ወዲያውም ከመሬት አንድ ሌጦ አንሥቶ ወደ መኪናዋ መጣ።

«አባ፣ እማ እኮ የተኛችው እዚህ ላይ ነው» አልኩት።

ቆመ። ከሌጦው የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማው ላይ ይወርድ ነበር። መኮንን እጁን እየጠረገ አየን። አባቴ «ጎንደር ካልደረሰ ይበሰብሳል» አለ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ፤ ጫነውም። ወደ ጎንደር ተነሣን። የኋላው መስታወት ጥርት ብሎ ነበር፤ አባቴ ከአሁን በኋላ አላየሁም ማለት አይችልም።

በመጋቢት እናቴ በሁለት ክራንች እየተደገፈች ከጎንደር በሚኒባስ መጣች። አባቴ መናኸሪያው ድረስ መኪናዋን ይዞላት ሄዶ ነበር፤ እሷ ግን መኪናዋን አየት አድርጋ ባጃጅ ጠራች። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሌጦውን ጭኖ ሊወጣ ሞተር ሲያስነሣ፣ ከቤት ወጥታ ቀስ እያለች ሄደችና ከመኪናዋ ኋላ፣ የወደቀችበት ቦታ ላይ ቆመች። አባቴ በመስታወቱ አያትና አንገቱን አወጣ።

«ዘይነብ፣ ዞር በይልኝ እንጂ።»

«እታይሃለሁ?»

«አዎ፣ ትታዪኛለሽ።»

«እንግዲያው ደህና አድርገህ እየኝ።»

ክራንቿን ተደግፋ ቆየች። መንገደኛ በበሩ በኩል አንገቱን እያሰገገ ያልፍ ነበር። ከዚያ ራሷ በፈለገች ጊዜ ዞር አለችለት። በማግስቱም መጥታ ቆመች፣ በሳልስቱም። አትጮህም፣ አታለቅስም፣ ሌጦ አትጫን አትልም። እሱም መከራከሩን ትቶ፣ ማሞቂያውን ያበራና እጁን መሪው ላይ አድርጎ እስክትነሣለት ያያታል።

የፋሲካ ሌጦ ሳይመጣ አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ መጋዘን ተከራየ፣ ጭነቱንም ለአይሱዙ ሰጠ። መኪናዋን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በነጭ ጋዝ አጠባት፣ ምንጣፏን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ሽታው ይብስ ነበር። በመጨረሻ ለአንድ የዛሪማ ሰው ሸጣት። ዛሪማ ቆላ ነው፤ በዚያ ሙቀት ምን ትሸት እንደነበር ማሰብም አልፈልግ። እናቴ ሰውየው መኪናዋን ሲያስወጣ አይታ «አፍንጫው የተደፈነ ሰው መሆን አለበት» አለችና ሳቀች፤ ከገና ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴም ሊስቅ ብሎ፣ አይቷት ተወው። ይቅር በይኝ ሲላት ግን፣ ያን ዓመትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ አልሰማሁም።

አባቴ የሌጦውን ንግድ ከተወ ቆይቷል፤ ዳባት ውስጥ ስኳርና ጨርቅ ይሸጣል። የእናቴ እግር ክረምት ሲገባ ቀድሞ ያውቀዋል። ያኔ መሪው በእሱ እጅ ነበር፣ እሷ ከኋላው ነበረች። አሁን ሊጠይቁኝ ጎንደር ሲመጡ በሌላ ሰው ሚኒባስ ይሳፈራሉ፣ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ። ሲደርሱ እሱ ቀድሞ ይወርድና ዞሮ እጁን ይዘረጋላታል። አንዳንዴ ትይዘዋለች። አንዳንዴ ደግሞ የበሩን ብረት ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ በራሷ ትወርዳለች፤ እሱም መሬት እስክትረግጥ ድረስ እጁን እንደዘረጋ ይቆማል።