ታዬ የተሸከመው ድንጋይ

የእርጥብ ቡና ገለፈት ሽታ ሰሞኑን ተመልሶ መጣብኝ። ታላቅ ወንድሜን ታዬን አዲስ አበባ ቀብሬ ወደ ጅማ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ከተማ ሳይገባ ያ ጣፋጭም ኮምጣጣም ሽታ በመስኮት ገባና፣ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ አለቀስኩ። ጽሑፍ አልችልበትም፤ የተማርኩትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ስለ ተዋናይነቱ የሚያውቁ ሰዎች ቀብሩ ላይ ብዙ ተናግረዋል። እኔ የማውቀውን አንዱን ብቻ ልጻፍ።

አባባ ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር፤ ታዬም እዚያው ጆንያ ይሰፋ ነበር። ክረምት ገብቶ ሥራው ሲቀዘቅዝ በቀበሌው የኪነት ቡድን ቲያትር ይሠራ ጀመር። ረጅም ስለነበር ሁልጊዜ ባላባት ያደርጉት ነበር፤ ከጥጥ የተሠራ ጢም ለጥፎ ጭሰኛ ሲገርፍ፣ የሰፈሩ ልጆች የብርቱካን ልጣጭ ይወረውሩበት ነበር። አባባ ግን አንድም ቀን ሄደው አላዩትም። «በማስመሰል የሚኖር ልጅ አልወለድኩም» ይሉ ነበር። በመስከረም ታዬ ለአዲስ አበባ ቲያትር ቤት ተመርጦ ሲሄድ፣ አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ አልተሰናበቱትም። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ሲመጣ እናቴ ታስነብበኝ ነበር፣ አባባ ደግሞ ተነሥተው ይወጡ ነበር።

ሁለት ዓመት አልፎ በበጋ ቀበሌው ቴሌቪዥን አመጣ። በሳምንት አንድ ቀን ከሳጥኑ ቁልፍ ሲፈታ፣ ሰፈሩ በሙሉ አዳራሹ ወለል ላይ ተደርድሮ ያይ ነበር። አንድ ቀን ታዬ ብቅ አለ። ሰካራም ባል ሆኖ፣ እርጉዝ ሚስቱን ከነሻንጣዋ ወደ ዝናብ ገፍትሮ በሩን ዘጋባት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ልጄ ከሳብኝ» አለች፤ ሌላ ምንም አልታያትም። በማግስቱ እዚያው ጅማ መርካቶ ጎመን ስትገዛ ነጋዴዋ «መጀመሪያ ምራትሽን ከዝናብ አስገቢ!» ብላ ጮኸችባት።

ከከተማው በላይ ጅሬን የሚኖሩ፣ አባ ጊዲ የሚባሉ ትልቅ ሽማግሌ ነበሩ። የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነበር የሚታረቀው። ያን ቀን አዳራሹ መጥተው ነበር፤ ቴሌቪዥን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አስቆሙኝና «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድምህ ያቺን ሴት ማባረሩ እውነት ነው?» አሉኝ። ማስመሰል ነው ብል ከአባባ ጋር ሆኜ ታዬን የሰደብኩት መሰለኝ። «እውነት ነው» አልኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ታዬ ሊጠይቀን መጣ። አባባ ሰላምታውን በአንገታቸው ብቻ መለሱለት። በማግስቱ ጠዋት አባ ጊዲ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ለእርቅ የሚያዘውን እርጥብ ሣር ይዘው ገብተው፣ ከአቮካዶው ሥር ተቀመጡ፤ አባባም የቤቱ ጌታ ናቸውና አብረው ተቀመጡ።

«ታዬ፣ አባትህን እናከብራለን» አሉ አባ ጊዲ። «ዋላሂ፣ አይተን ዝም ማለት አልቻልንም። እርጉዝ ሴት ዝናብ ላይ ይጣላል? ማሎ፣ እባክህ!»

አጥር ላይ ከተንጠለጠሉት ጎረምሶች አንዱ በሳቅ ፈነዳ። «አባ ጊዲ፣ ድራማ እኮ ነው! ሚስትም የለው!»

«ዝም በል አንተ! የገዛ ወንድሙ ነው እውነት ነው ያለኝ» አሉና በጣታቸው አሳዩኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ታዬ አየኝ። ከዚያ በእርጅና የሚንቀጠቀጠውን የአባ ጊዲን ሣር አየ። አንድ ቃል ቢናገር እኔ ውሸታም፣ እሳቸውም የሰፈር መሳቂያ ይሆኑ ነበር። ወደ አጥሩ ሄደና፣ የግቢው በር እንዳይዘጋ የሚደግፈውን ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ መጥቶ ተንበረከከ።

«አጥፍቻለሁ፣ አባቶቼ። ይቅር በሉኝ» አለ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቁ ቆመ።

እንደ ደንቡ ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ሰው ነው። አባ ጊዲ ዙሪያውን አዩና «ልጅቱ የለችም፤ ማን ያውርድለት?» አሉ።

ሁሉን የሚያውቁት፣ ከንፈራቸውን ነክሰው የቆዩት አባባ ተነሡ።

«እኔ አለሁ» አሉ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አወረዱና «ተነሥ። ምሳ ብላ» አሉት። ታዬ ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባባ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። ሰው ታዬን ሲረግም ዞር ብለው «ታርቋል፣ ተዉት» ይሉ ነበር።

ታዬ ክፉ ሰው እየሆነ ሲጫወት አረጀ። ዛሬ እኔ ቤት በየክፍሉ ቴሌቪዥን አለ፤ ልጆቼ ሰው ሲገደል እያዩ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ሽማግሌ የሚልክ የለም። ትናንት ሰው የሌለበትን የወላጆቼን ግቢ ልከፍት ስሄድ ያ ድንጋይ አጥሩ ሥር ነበር። ያን ጊዜ ታዬን የሚሰብረው መስሎኝ ነበር፤ በአንድ እጄ አነሣሁት። ያን ቀን ጉልበቱ የተንቀጠቀጠው በእውነት ይሁን በማስመሰል፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም። በሩ እንዳይዘጋ መልሼ አስደገፍኩትና ገባሁ።