አፍ አሽታች በሜዳው በር

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በነበረው ዓመት፣ ቡሬ እግር ኳስ ሜዳ በር ላይ ቆሜ የተመልካች አፍ እንዳሸት ተመድቤ ነበር። ሥራውን የሰጠኝ የስፖርት ኮሚቴው ነው። በቀደመው ጨዋታ ደጋፊዎቻችን ጠጥተው ሜዳ ገቡና የመስመር ዳኛውን በራሱ ባንዲራ ከግቡ ቋሚ ጋር አሰሩት። ዞኑም ሌላ ሁከት ከተሰማ ቀሪ ጨዋታዎቻችንን ፍኖተ ሰላም ሄደን እንደምንጫወት አስጠነቀቀ። ለቡሬ ሰው ከዚህስ መሸነፍ ይሻለው ነበር።

እኔ የተመረጥኩት ስለማልጠጣና የታዘዝኩትን ስለምፈጽም ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ "ስካር የኪራይ ሰብሳቢነት አንዱ መገለጫ ነው" ብለው ጀመሩና፣ "ማንም ይሁን ማን፣ መጠጥ የሸተተ አይገባም" ብለው ጨረሱ። ከልቤ እሺ አልኩ።

ኮሚቴው ልብ ያላለው የጨዋታው ቀን ሚካኤል መሆኑን ነው። ከተማው ከጧት ጀምሮ ዝክር ላይ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ የአባቴ ጓደኛ ናቸው።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እፍ ይበሉብኝ።"

"ምን አልከኝ?"

"መመሪያ ነው፤ አፍዎን ላሽት።"

"ኩራዝ ነህ እፍ የምልብህ?" አሉና አልፈውኝ ገቡ። ተከትዬ ልመልሳቸው አልደፈርኩም።

ከኋላቸው የመጡት ወጣቶች በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ያኝካሉ። "ጉንፋን ይዞኝ ነው ወንድሜ" ይላል አንዱ፤ "እኔም ከሱ ተጋብቶብኝ ነው" ይላል ቀጣዩ። ሰብሳቢው ሲመጡ ደግሞ የጠላው ሽታ ከእሳቸው ቀድሞ ደረሰ። "መመሪያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔን አታሸትም" አሉኝ። በወጉ ያሸተትኩት ሱቁን ዘግቶ የመጣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ደስ ብሎት ደጋግሞ እፍ አለብኝና፣ "ሰርተፊኬት አይሰጥም እንዴ?" አለ።

በመጨረሻ ከዱርቤቴ የተላከውን ዳኛ የሚካኤል ማኅበር ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው አመጡት። ጧት ከመኪና ሲወርድ ተቀብለው፣ "እንግዳ ሰው ጦሙን ይዳኝ? በሚካኤል፣ አንድ ብቻ!" እያሉ ሲያስጠጡት ውለዋል። ዳኛው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አስተካከለና፣ ሳልጠይቀው ጎንበስ ብሎ እፍ አለብኝ። ከጠጡት መካከል ሳያንገራግር የታዘዘኝ እሱ ብቻ ነው።

"አይገቡም" አልኩት።

ሰብሳቢው እየሮጡ መጡ። "አንተ ልጅ፣ ዳኛው እኮ ነው!"

"ማንም ይሁን ማን ብለውኛል።"

"ተመልካቹን ማለቴ ነዋ!"

ዳኛው እጁን አነሳ። "ልጁ ልክ ነው" አለና ከኪሱ ቀይ ካርድ አውጥቶ በራሱ አናት ላይ ከፍ አደረገው። ከዚያ ሳይከራከር ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ጨዋታው ቀረ። አሁን ድንጋይ ይወረወራል፣ ሜዳችንም በእኔ ምክንያት ይወሰዳል ብዬ ፈራሁ። ተመልካቹ ግን የሚሰድበው ዳኛ ሲያጣ ጭፈራውን ቀጠለ፤ ሲመሽም ወደየቤቱ ሄደ። ሜዳውን የረገጠ አንድ ሰው የለም።

በግምገማው ላይ ከዞን የመጣው ታዛቢ፣ "ሁከት አልነበረም" ብሎ መሰከረ።

"ጨዋታም አልነበረም" አሉ ሽማግሌው ከኋላ።

ሜዳችን ተረፈልን፤ ጨዋታው በሃያ አንድ እንዲካሄድ ተወሰነ። ሰብሳቢው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አመሰገኑኝ፤ በሩም እንደገና ለእኔ ተሰጠ።

"ዳኛውስ?" አልኳቸው።

"ማንም እንዳያጠጣው ከመኪና ሲወርድ ተቀብዬ እኔው ቤት አሳርፈዋለሁ" አሉ።

ሃያ አንድ ማርያም ነው። የማርያም ማኅበር ተረኛ ደጋሽም እሳቸው ነበሩ።